ያልተዘረዘረው አምስት መቶ

በዋርካ ገበያ ከተማ፣ ጌሾ ነጋዴዋ ወይዘሮ ትርንጎ በቤታቸው ደጃፍ ጌሾ ይለቅማሉ፤ አሮጌ ብር ልግዛ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣው አምኃ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ትርንጎ፦ አልሸጥም አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ? ወይስ የኔ አማርኛ አዲስ አበባ አይሰማም?

አምኃ፦ እማማ፣ እስኪ ሳይቆጡ ያድምጡኝ። አርባ ሺህ ብዬ ነበር፤ እሺ ሃምሳ ይሁን። ሃምሳ ሺህ ብር!

ትርንጎ፦ መቶ ሺህ ብልህስ?

አምኃ፦ መቶ ሺህ ካሉማ... ትንሽ ቢያስቡልኝ...

ትርንጎ፦ አላልኩም! የት ድረስ እንደምትሄድ ልይህ ብዬ ነው። በል ሻንጣህን ዝጋና ተነስልኝ፤ ጌሾዬን ፀሐይ ጋረድክበት።

አምኃ፦ የያዙት እኮ የሞተ ብር ነው። ዳቦ አይገዛም። ባንክ ይዘውት ቢሄዱ የበሩ ጥበቃ ነው የሚስቅብዎት። እኔ ግን ይኸው፣ አዳዲስ ባለ ሁለት መቶ...

ትርንጎ፦ እሷም ትሞታለች። ባለ መቶው የተቀየረ ጊዜ እዚህ ገበያ ውስጥ ስንቱ ከጓሮው የቆፈረውን ብር በጆንያ ታቅፎ ሲሮጥ አይቻለሁ። የወረቀት ዕድሜ ለኔ አይነገርም።

አምኃ፦ እሺ፣ ታዲያ የሞተውን ይዘው ምን ያደርጉታል?

ትርንጎ፦ አንተስ ምን ያደርግልሃል?

አምኃ፦ እንጀራዬ ነው። አሮጌ ብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የጃንሆይ ባለ አምስት መቶና ባለ ሃያ፣ ደርግ ብሩን ከቀየረ ወዲህ ታትሞ አያውቅም። ሰው እንደዚህ ያለ ብር መኖሩንም ረስቶታል። ካገኙት መስታወት ውስጥ አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።

ትርንጎ፦ ይሰቅሉታል? እንግዳ ሊያየው?

አምኃ፦ አዎ። ክብር ነው እኮ፣ እማማ።

ትርንጎ፦ ከሥሩስ ምን ብለው ይጽፋሉ? የሰው ደም ዋጋ ነው ብለው ይጽፋሉ?

አምኃ፦ እሱ እንግዲህ... ያለፈ ነገር ነው። ቀኛዝማችም ቢሆኑ በአንድ ወረቀት የሰጡዎት ምናልባት አክብረው ይሆናል እንጂ...

ትርንጎ፦ ቆይ። ምን አልክ?

አምኃ፦ ምን አልኩ?

ትርንጎ፦ ቀኛዝማች አልክ። እኔ ከመጣህ ጀምሮ የማንንም ስም አልጠራሁም። የደም ዋጋ አልኩ እንጂ ቀኛዝማች አላልኩም። ማን ነገረህ?

አምኃ፦ ሰው... ከተማው ውስጥ ስጠይቅ ሰው ነገረኝ።

ትርንጎ፦ ይሄ ከተማ ሲቆረቆር እኔ ባሌን ቀብሬ ጨርሻለሁ። እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም። ቀና በል እስኪ። ያን ኮፍያ አውልቅ። አውልቅ አልኩህ!

አምኃ፦ እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል...

ትርንጎ፦ አሃ! እኔን ብሎ ዓይኔ ደክሟል ባይ! ይሄን ግንባር ሳላውቀው ቀርቼ ነው በርጩማ ያቀረብኩልህ? የማን ልጅ ነህ?

አምኃ፦ አምኃ እባላለሁ።

ትርንጎ፦ ያንተን ስም ማን ጠየቀህ? የማን ልጅ ነህ?

አምኃ፦ የቀኛዝማች ወንድይራድ።

ትርንጎ፦ ከበርጩማዬ ላይ ተነስ።

አምኃ፦ እሺ። ተነስቻለሁ።

ትርንጎ፦ ቀብራችሁት ስታበቁ ተስካር የምትደግሱበት ብታጡ የኔን ወረቀት ልትለቅሙ መጣችሁ? አባትየው ባሌን ሸጠ፤ ልጅየው ደግሞ መልሶ ሊነግድበት!

አምኃ፦ አልሞቱም።

ትርንጎ፦ ማን?

አምኃ፦ አባቴ። በሕይወት አሉ።

ትርንጎ፦ እስካሁን? እግዜር ሆይ፣ ዕድሜ ስታድል ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ!

አምኃ፦ እማማ፣ ይናገሩኝ፣ ይገባኛል። ግን ፍርዱን አስተካክለው ይፍረዱ። የእርስዎ ባለቤት የሞቱት በስህተት ነው። አባቴ ጠመንጃ ሲወለውሉ ባረቀባቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አምስት መቶ ብር ካሣ ተባለ፣ አባቴ ሳይከራከሩ እዚያው ከፈሉ። እኔ ራሴ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፣ ግን አስታውሳለሁ። ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው...

ትርንጎ፦ ባረቀ ነው ያሉህ?

አምኃ፦ በቤታችን እንደዚያ ነው የምናውቀው።

ትርንጎ፦ ሁለት ጊዜ ይባርቃል?

አምኃ፦ ሁለት ጊዜ?

ትርንጎ፦ አንዱ ጭኑን፣ አንዱ ደረቱን። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ቁስሉን የማውቀው እኔ ነኝ። በሬያችንን ለዕዳ ብሎ ሊነዳ መጣ። ባሌ የበሬውን ገመድ አልለቅም አለ። «ጌታዬ፣ ዘር እስክዘራ ይታገሡኝ» አለ፤ ይኸው ነው ያለው፣ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ገመዱን ይዞ ነው የወደቀው። እናንተ ቤት ጠመንጃ የሚወለወለው እንደዚህ ነው?

አምኃ፦ ይሄን... ይሄን አልሰማሁም።

ትርንጎ፦ ከማን ትሰማለህ! በሬውንም ነድቶ ሄደ። በሬውን ለዕዳው፣ ወረቀቱን ለደሙ።

አምኃ፦ ካሣውን ግን ከፍለዋል። ቢያንስ እሱን አይካዱ። አምስት መቶ ብር በዚያ ዘመን እኮ...

ትርንጎ፦ በዚያ ዘመን ምን? ንገረኛ! ጥንድ በሬ ነው፣ የምትታለብ ላም ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ነው! አውቀዋለሁ! ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። በነጋታው ማክሰኞ ገበያ ይዤ ወጣሁ። ጨው ነጋዴው ገልጦ አየና እንደ እባብ ወረወረው። «ይሄን የት አገኘሽ፣ እኔንም ታሳስሪኛለሽ» አለ። በቅሎ ነጋዴው፣ አረቄ ሻጯ፣ አንድም ሰው የሚዘረዝር የለም። በዚያ ገበያ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ኪሱን ቢያራግፍ አምስት መቶ አይሞላም! አባትህ ይሄን አያውቅም ነበር?

አምኃ፦ ምናልባት በእጃቸው የነበረው እሱ ብቻ ይሆናል።

ትርንጎ፦ በዚያው ሰሞን የእህል ገንዘብ በስልቻ ሲገባለት ባየሁት ዓይኔ? አንድ ብር፣ አምስት ብር፣ አሥር ብር፣ ጭራሽ ሳንቲም እንኳ ነበረው። ለኔ መርጦ ነው ያወጣው። ሽማግሌ ፊት እጁ የማያጥር ጌታ መሰለ፣ እኔ ደግሞ የማልበላውን ታቅፌ ገባሁ።

አምኃ፦ ከተማ ወጥተው ባንክ...

ትርንጎ፦ ሄድኩ እንጂ! ልጄን አዝዬ በእግሬ ሄድኩ። ባንክ የቱ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቼ «ዘርዝሩልኝ» አልኩ። ባለሱቁ በጓሮ በር ወጥቶ ፖሊስ ይዞ መጣ። ቡትቶ የለበሰች ባላገር አምስት መቶ ብር ከየት ታመጣለች? ሌባ! አሠሩኝ። ጡቴ እስር ቤት ደረቀ። ቀኛዝማች ሰጥተውኝ ነው አልኳቸው፤ ሰው ላኩበት። ምን ብሎ መለሰ መሰለህ?

አምኃ፦ ምን አሉ?

ትርንጎ፦ ምንም! የለም ተባለ። አገር ውስጥ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ተሰማ የሚባሉ ሰውዬ ሰምተው መጥተው ባይመሰክሩልኝ እዚያው በቀረሁ። ስፈታ ቀጥታ አባትህ ደጅ ሄድኩ። ያ የድንጋይ አጥር ያለው ቤት፣ ታውቀዋለህ፣ የተወለድህበት ነው። ካሣው ይጨመርልኝ አላልኩም። ባሌን መልሱልኝ አላልኩም። «ጌታዬ፣ ዘርዝሩልኝ» ነው ያልኩት። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ዘበኛው «ጌታ አደን ወጥተዋል» አለኝ። ተመለስኩ። አምስት መቶ ብር ጉያዬ ይዤ ከጎረቤት ዱቄት ተበደርኩ። ያቺ ልጅ አላደገችም።

አምኃ፦ እግዜር ያጽናዎት።

ትርንጎ፦ አሁን ነው? ዛሬ ነው የምትለኝ?

አምኃ፦ ደርግ ሲመጣስ? ብሩ ሲቀየር ሰው ሁሉ እየወሰደ ይቀይር ነበር። ለምን አልቀየሩትም?

ትርንጎ፦ ይሄን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል፣ አንተ ግን ባትጠይቀኝ ይሻልህ ነበር። አባትህ ሸሸ። ካድሬዎቹ ቤት ለቤት «የባላባት ንብረት የደበቀ» እያሉ ይፈትሹ ነበር። አምስት መቶ ብር ያለው ከባላባት ሌላ ማን ነው? አንድ ጊዜ የአባትህ ሌባ ተብዬ ታስሬአለሁ። ደግሞ የአባትህ ወዳጅ ተብዬ ልረሸን? ትራስ ውስጥ ሰፋሁት። ተኛሁበት። ቀኑ አለፈ። በቃ።

አምኃ፦ እማማ፣ እኔም እኮ ያን ቀን አልመረጥኩትም። ልጅ ነበርኩ። ያ ባለ አጥር ያሉት ቤትም ተወረሰ። ከእናቴ ጋር ሰው ጓዳ ውስጥ ነው ያደግሁት። በአባቴ ስም ትምህርት ቤት ተደብድቤያለሁ። ሁሉም ሰው በሱ ዕዳ እኔን ሲጠይቅ ኖሯል፤ ሰለቸኝ! እኔ ምን አደረግኩ?

ትርንጎ፦ አንተማ ዋሽተኸኝ ነው የተቀመጥከው! «ብር እሰበስባለሁ» ብለህ! የሱ ልጅ መሆንህን ብትናገር ኖሮ እኮ እሰድብህ ነበር፣ ቢያንስ ግን ውሃ እሰጥህ ነበር።

አምኃ፦ ብናገር በር አይከፍቱልኝም ብዬ ፈራሁ።

ትርንጎ፦ ደግ አድርገህ ፈራህ። አሁን እውነቱን ተናገር። ወረቀቱ ለምን ፈለግኸው? የመስታወቱን ተረት ተወው።

አምኃ፦ ለአባቴ ነው።

ትርንጎ፦ ሊበላው?

አምኃ፦ አእምሯቸው ሄዷል። እኔን አያውቁኝም። እናቴ መሞቷን አያውቁም። ቀን ከሌት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልገባውም። ሐኪሙም ዝም ብሎ ቅዠት ነው አለ። አንድ የድሮ አሽከራቸውን ፈልጌ አግኝቼ ስጠይቀው ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህም የመራኝ እሱ ነው።

ትርንጎ፦ ምንድነው የሚለው?

አምኃ፦ «ዘርዝሩላት» ነው የሚሉት።

ትርንጎ፦ ምን?

አምኃ፦ «ዘርዝሩላት። ደጅ ቆማለች፤ ዘርዝሩላት።» ምግብ ስሰጣቸው ይሄንኑ፣ ሳጥባቸው ይሄንኑ። እያለቀሱ። ብሩን ባሳያቸው፣ ይኸው ተዘርዝሯል፣ ወስዳለች ብላቸው ዝም ይላሉ ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ ደጅ ቆማለች ይላል?

አምኃ፦ አዎ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ቤት ነበራ።

አምኃ፦ እማማ...

ትርንጎ፦ አደን አልወጣም! ውስጥ ነበር! ድምፄን ሰምቷል! ያን ሁሉ ዘመን እኔ ምን እያልኩ የኖርኩ መሰለህ? «ምናልባት አልሰማ ይሆናል። ቢሰማ ኖሮ ሰው ነውና ይዘረዝርልኝ ነበር።» ሞኝ! እኔ ሞኝ! በዚህች ነገር ትንሽ ስተነፍስ ኖሬ እሷንም ዛሬ አንተ ወሰድክብኝ!

አምኃ፦ አልነግርዎትም ነበር። ጠየቁኝ።

ትርንጎ፦ ልጄ ከበሩ ውጭ ስታለቅስ ይሰማ ነበር! ዕቃ ቤቱ ሳንቲም ሞልቶ!

አምኃ፦ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ። ምን ላድርግ? ብሩን አልሸጥም ካሉ ይቅር። ይሄን ሻንጣ እንዳለ ይያዙት። ወረቀቱም እዚሁ ይቅር። ተቀበልኩ ብቻ ይበሉኝ፣ እነግራቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ ሻንጣውን ከጌሾዬ ላይ አንሳ። በኔ አፍ ውሸት ተናግረህ እሱን ልታስተኛ? እንቅልፌን ከወሰደ ሰው ጋር ተመካክሬ?

አምኃ፦ በቃ፣ እሄዳለሁ። ልክ ነዎት። መምጣት አልነበረብኝም። ዛሬም ሲጠሩ ምን እንደምመልስላቸው ግን አላውቅም።

ትርንጎ፦ ማንን ነው የሚጠራው? ስም ይጠራል?

አምኃ፦ ስም አይጠሩም። «ያቺ ሴት» ነው የሚሉት።

ትርንጎ፦ ስሜን አያውቀውም። የሱንስ? የባሌን ስም ይጠራል?

አምኃ፦ አይጠሩም። ያውቁታል ብዬም አላስብም።

ትርንጎ፦ አንተስ ታውቀዋለህ?

አምኃ፦ አላውቅም። ያ አሽከርም ረስቶታል። ማን ነበር ስማቸው?

ትርንጎ፦ ይሄን ስትጠይቀኝ መጀመሪያህ ነው። ከቤታችሁ ሰው የጠየቀኝም አንተ መጀመሪያው ነህ።

አምኃ፦ ማን ልበላቸው፣ እማማ?

ትርንጎ፦ አያልሰው። አያልሰው ደርብ። ረጅም ነበር። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርግ ነበር፣ ጥርሱ ተሰብሮ ነበርና ያፍርበት ነበር። በል አንተ ድገመው።

አምኃ፦ አያልሰው ደርብ።

ትርንጎ፦ አባትህ አሁን የት ነው? ሩቅ ነው?

አምኃ፦ አዲስ አበባ። እኔ ቤት። ለምን ጠየቁኝ?

ትርንጎ፦ ያን ነጠላ አቀብለኝ። ጫማዬም ከበሩ ኋላ አለ፣ አምጣው።

አምኃ፦ የት ሊሄዱ ነው? እማማ፣ ይቅር ሊሏቸው ነው?

ትርንጎ፦ ይቅር ማለት አልኩ እንዴ? የገደለውን ሰው ስም ሳያውቅማ አይሞትም። መኪናህን አስነሳ።