ካቦው ከስልጠና ሲመለስ

ሸኮ ከተማ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፍረው ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ቡና ለቃሚዎች ካቦአቸውን እያሙ ነበር።

«ዛሬ ቅርጫቴ ውስጥ ያልቀላ ፍሬ አገኘ» አለች አንደኛዋ።

«እንደ ልማዱ ደፋብሽ?»

«የት! ቁጢጥ ብሎ አብሮኝ ይለቅም ጀመር። ‹አይዞሽ እህቴ› አለኝ።»

«እህቴ? አንቺ፣ ሊያባርርሽ ነው!»

«እኔስ የፈራሁት ይህንኑ አይደል! ‹የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ ንገሪኝ› ሲለኝ ‹ምንም የለም› ብዬው አረፍኩ።»

«ነገ ልጅሽን ሐኪም ቤት ትወስጂው የለ እንዴ?»

«እንዴት ብዬ ፈቃድ ልጠይቀው? ሲጮህ አውቀዋለሁ፤ ሲስቅ ግን አላውቀውም።»

«ስልጠና የሄደው እኮ ብልጠት ሊማር ነው። ሰውዬው ያው ሰውዬው ነው።»

«የልጄ ትኩሳት ግን አልበርድ አለ። የመጣው ይምጣ፣ ጠዋት እነግረዋለሁ።»

«ቢጮህብሽስ?»

«እፎይ እላለኋ! የድሮው ነው ማለት ነው።»

እኔ ደግሞ አባቴ ከስልጠናው በተመለሰ ማግስት መስታወት ፊት ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ እህቴ» እያለ ሲለማመድ ያየሁትን አስታውሼ አፌን በሻርፔ ሸፈንኩ።