ሰባት ጊዜ የሞተው ሰው ወንበር

ለጋሽ ኩማ ስንብት የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ አድርሺ የተባልኩትን ሰላምታ ላድርስ። ከዚህ የፊልም አዳራሽ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታችን እትዬ ዮዲት የጉልበት ሕመም ጠንቶባቸው አልመጡም። ልጃቸው ሩሀማ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። «ለጋሽ ኩማ ሰላም በይልኝ» ካሉኝ በኋላ፣ «ትናንት ከሰዓት ፊልም ነበራችሁ እንዴ? ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ» አሉኝ። የፊልም ማሽኑ ከተነቀለ ሳምንቱ ነው።

ጋሽ ኩማ፣ እርስዎ የመጡ ቀንም እኮ አስደንግጠውኛል! እኔ በር ላይ ትኬት ቆራጭ፣ እርስዎ አዲሱ የፊልም ማሽን ሠራተኛ። ገብተው ፊልሙን ጥቂት አዩና እየሮጡ ወጡ። «እህቴ፣ የሟቹ ስም ማን ነው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከተመልካቹ ሰው የሞተ መስሎኝ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ታቦር ተራራ ድረስ ተሰማሁ። ለካስ ፊልሙ ላይ የተገደለውን ጥቁር ፖሊስ ነው!

የድሮ የፖሊስ ፊልም መቼስ ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ለውዛችንን ሳንጨርስ ይሞታል። ቻይናዊው ጓዳ ቢላ ይስላል። ሴቷ ስልክ ይዛ ትጮኻለች። ስም ያለው ዋናው ፖሊስ ብቻ! ይሄ ለጋሽ ኩማ አልዋጥ አላቸው። ስም የሌለው ሰው በሞተ ቁጥር ማሽኑን ያቆሙና በማሽን ክፍሉ መስኮት ብቅ ብለው «ማን እንበለው?» ይላሉ። «ጋቢሶ!» ይላል አንዱ፤ «የለም፣ ከድር!» ይላል ሌላው። ስም ሲወጣለት «በሉ አሁን ይቀበር» ብለው ይቀጥላሉ። በእሳቸው የተነሣ ስንት ቀን ባጃጅ አምልጦን በእግራችን ገብተናል!

አንድ ቀን ግን ለሞተው ጥቁር ፖሊስ ማንም ስም አላወጣም። ሳላስበው ከበሩ «ሙሴ!» አልኩ። ሙሴ ወንድሜ ነው። እሱም ፖሊስ ነበር፤ ለሥራ እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውም ወሬውም አልመጣ። ጋሽ ኩማ ፊቴን አይተው «ሙሴ ይሁን። እሱ ግን አይቀበርም» አሉ።

ያው ተዋናይ በሌላ ፊልም መጣ። በሌላም። ሰባት ፊልም ላይ ሞተ። ብቅ ባለ ቁጥር ሕዝቡ «ሙሴ መጣ!» ይላል። ያቺን የመጨረሻው ረድፍ የጥግ ወንበርም ጋሽ ኩማ «የሙሴ ናት» አሏት፤ ሰው አይቀመጥባትም።

ወንበሮቻችን እንደምታዩት ተጣጣፊ ናቸው። ሁሉንም አጥፌ፣ በሩን ቆልፌ እሄዳለሁ። ጠዋት ስመጣ የሙሴ ብቻ ተዘርግታ አገኛታለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት! ቁልፍ ያለን እኔና ጋሽ ኩማ ብቻ ነን። «ሊያጽናኑኝ ነው» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ጋሼ፣ እኛ ለቅሶ እንኳ ያልተቀመጥንለትን ወንድሜን እርስዎ መቀመጫ ሰጡት። እግዜር ይስጥልኝ። ስፈራ የሰነበትኩት፣ እርስዎ ከሄዱ ያቺ ወንበር ታጥፋ ትቀራለች፣ ሙሴም አብሮ ይረሳል ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሊያስረክቡኝ ሲመጡ፣ «ከእንግዲህ ወንበሯን ማን ይዘረጋልኛል?» አልኩዎት። ሳቁ። ቀጥሎ ሳቅዎ ቆመ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትዘረጊው?» አሉኝ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ለጋሽ ኩማ ዕድሜ ከጤና ጋር፤ ስም ሰጥተው ስማቸው ለማይጠፋው! ኋላ ያላችሁ ደግሞ፣ ዞር ሳትሉ አንድ ብርጭቆ ወደ ጥግ አሳልፉልኝ።