ከወፎቹ መመገቢያ ሥር የበቀለው

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አርኖ ኩባሽ መጋዙን ይዞ ከአትክልት ቦታው ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ስቬንያ ማርሎ ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ስትመለስ በጠባቧ መተላለፊያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። አርኖ ዕድሜውን ሙሉ በጀርመን አገር በኮትቡስ ከተማ ዳርቻ የከሰል ማውጫ ቁፋሮ ላይ የሠራ ጡረተኛ ነው። ስቬንያ ደግሞ የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ከጎኑ ያለውን ቦታ ከአትክልተኞች ማኅበሩ የተከራየችው ባለፈው ጸደይ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ኩባሽ?» አለች ባልዲዋን አስቀምጣ።

«አልዋልኩም። ያንቺ ዛፍ መች ያውለኛል? ይኸው መጋዙን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ወይ አንቺ ቁረጪው፣ ወይ እኔ።»

ዛፉ በአጥሯ ጥግ የቆመ፣ ልጡ የነጣ በርች ነበር።

«ምን በደለዎት?»

«ሚስቴን ትራውደን እየገደላት ነው! ዓይኗ ያለቅሳል፣ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪሙ አስም ነው፣ የአትክልቱን ቦታ ተዪው አላት። ሰኞ ለማኅበሩ ልናስረክብ ነው። ከሙሽርነቷ ጀምሮ የለፋችበትን! ይህ ሁሉ በዛፍሽ የአበባ ብናኝ።»

ሐኪሙ በዚያ ቦታ ምን ምን እንደሚበቅል አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም ነበር። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ «እስቲ ልየው» ከማለት «ተዉት» ማለት ይቀለዋል።

«በርች እኮ የሚያብበው በሚያዝያ ነው» አለች ስቬንያ። «አሁን ምንም ብናኝ የለውም። ለመሆኑ ወይዘሮ ትራውደን በሚያዝያ አሟቸው ነበር?»

በሚያዝያ ትራውደ እያፏጨች ድንች ስትተክል ነበር የምትውለው።

«ብናኝ ብናኝ ነው» አለ አርኖ።

«ከተማው ቤት ሲሆኑስ?»

«እዚያ ይሻላታል።»

«እዚህ ሲመጡ የት ነው የሚያርፉት?»

«ከምሳ በኋላ ጎጆዋ ውስጥ ጋደም ትላለች። ቆይ፣ አንቺ መምህርት ነሽ ወይስ ፖሊስ?»

«ተማሪዎቼ ልዩነቱ አይታያቸውም» አለች ስቃ። «ከመቁረጥዎ በፊት ቦታዎን ያሳዩኝ። ሌላ ምክንያት ካጣሁ የመጋዙን አንድ ጫፍ እኔው እይዝልዎታለሁ።»

አርኖ ይህን ውርርድ የሚያሸንፍ መሰለው፤ በሩንም ከፈተላት።

ትራውደ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ከወፎቹ መመገቢያ ሥር፣ ቅጠሉ እንደ ዳንቴል የተቆራረጠ አረንጓዴ ተክል ወገብ ደርሶ ተንዠርግጓል። ስቬንያ ከፊቱ ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው፣ አቶ ኩባሽ?»

«መምህርት ሆነሽ ባይፉስ አታውቂም?» አለ አርኖ ደረቱን ነፍቶ።

ባይፉስ የአሪቲ ዘመድ ነው። በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ዝይ ሲጠበስ በሆዱ ይጨመራል። በዚያ አገር ያለ ባይፉስ ዝይ የጠበሰች ሴት ስሟ ለአንድ ዓመት ሲነሣ ይከርማል።

«ማን ዘራው?»

«ማንም። ካቻምና ክረምት ለወፎች ጥሬ ስበትን ከረምኩ፤ አምና ሁለት ዘንግ ሆኖ ብቅ አለ። ተውኩት። ዘንድሮ ይኸው ማሳ ሆነ። ሳይጠሩት አቤት ያለ የእግዜር ስጦታ!»

«ሳይጠሩት አቤት ያለ እንግዳማ መጀመሪያ ስሙን ይጠየቃል።»

«ስጦታስ ስጦታ ነው» አለች ትራውደ ከወንበሯ። «ግን አምና ዝይውን ጭድ ጭድ አሰኘው።»

«ዝይው አርጅቶ ነው!»

«ከዝይ ሻጩ ጋር ተጣልቶልሽ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም» ብላ ልትስቅ ስትል ሳሉ አፈናት። ሁለቱም እስኪለቃት ድረስ ቆመው ጠበቁ።

ስቬንያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ አምብሮሲያ ነው እላለሁ። ከወፍ ጥሬ ጋር ተደባልቆ የሚገባ ባዕድ አረም ነው። ብናኙን የሚረጨው ልክ በዚህ ወቅት ነው፤ ለታመመ ደረት ከዚህ የከፋ ጠላት የለም» አለች።

«እናቴ ባይፉስ ስታስለቅመኝ አባትሽ ገና ዳዴ አይልም ነበር! መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ እኔን ሊያርም ይነሣል!»

ይህ ቁጣ የዚያን ቀን ቁጣ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት አርኖ በማኅበሩ ስብሰባ ስለ ውሃ መውረጃው ሐሳብ ሊሰጥ ቢነሣ፣ ሰብሳቢው በሰው ፊት «የተማሩት ይናገሩ» ብሎ አስቀምጦታል። በኋላ ውሃው ልክ አርኖ ባለው በኩል ሞልቶ ጎጆዎቹን ሲያጥለቀልቅ ይቅርታ ያለው የለም። ከዚያ ወዲህ የተማረ ሰው አፉን ሲከፍት አርኖ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን ያንን ድምፅ ነው። ቂሙ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቂም ቅጠል አይለይም፤ ከሰብሳቢው ጋር ያለውን ሒሳብ በሚስቱ ደረት ላይ ማወራረዱንም አላስተዋለም።

«እኔን አይመኑኝ» አለች ስቬንያ በትሕትና። «እናትዎ ያስለቀሙዎት ከየት ነበር?»

«ከባቡሩ ሐዲድ አፋፍ። ዛሬም ሞልቷል።»

«እንግዲያው ከዚያ አንድ ዘንግ አምጡና ከዚህ ጎን ያስቀምጡት። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ ዘንጉን በጣትዎ ይዳስሱት። ፍርዱን ለእርስዎና ለእናትዎ ትቻለሁ።»

«አመጣለሁ! አመጣና አሳፍርሻለሁ!»

«ሂድ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ትራውደ። «ዛሬ ከአፍህ እግርህ ይሻላል።»

ሄደ። ሲመለስ ሁለቱን ዘንጎች አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። ከሐዲዱ የመጣው ቅጠል ጀርባው ዱቄት እንደተነሰነሰበት ነጭ ነው፤ ዘንጉ ልስልስ፣ ሲያሹት ሽታው አፍንጫ ይነካል። ከወፎቹ መመገቢያ ሥር የተቆረጠው ግን ፊቱም ጀርባውም ያው አረንጓዴ ነው፤ ዘንጉ ጠጉራም፣ ሲያሹት ሣር ሣር ከማለት በቀር ወዝ የለው። አርኖ ደጋግሞ ገለበጠው፤ ቅጠሉ ግን ሊያስደስተው ብሎ አልነጣም።

ከዚያ ቀና ሲል በተከፈተው የጎጆ በር ውስጥ አንድ ነገር አየ። ለዝይው ብሎ ቆርጦ፣ በገመድ አስሮ፣ ይደርቅ ዘንድ የሰቀለው እቅፍ ሙሉ ቅጠል ከትራውደ መኝታ በላይ፣ ከትራሷ ትይዩ ተንጠልጥሏል። ገብቶ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ቢጫ ዱቄት ትራሱ ላይ ቡን አለ።

«ትራውደ» አለ ሲወጣ፣ «ከራስሽ በላይ የሰቀልኩብሽ እኔው ነኝ።»

«ዝይውን እንጂ እኔን ልትጠብስ እንዳልነበረ አውቃለሁ» አለች፤ እጁንም ያዘችው።

አርኖ ወደ ስቬንያ ዞረ። አሁን ቁጣው በቦታው ነበር። «ከጸደይ ጀምሮ በአጥሬ ሥር ስታልፊ ታዪው ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

የመምህርቷ ፊት ቀላ። «ከሰኔ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። እርስዎ ደግሞ ሰላምታዬን አይመልሱም። ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።»

«እንግዲህ እኔ አልጠየቅኩ፣ አንቺ አልተናገርሽ። መሐል ላይ የታፈነችው እሷ!»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ጥፋቴን አልክድም።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ ሥራ ነበር። ትራውደ ወደ ከተማው ቤት ተላከች። ሁለቱ ጓንት አጠለቁ፣ አፍና አፍንጫቸውንም ሸፈኑ። መጀመሪያ የተሰቀለውን በፕላስቲክ ከረጢት ከተው አሰሩት፤ ቀጥሎ አረሙን ከነሥሩ ነቀሉት። አርኖ ከልማድ የተነሣ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ሊጥለው ሲል ስቬንያ ያዘችው።

«እዚያማ ዘር ይጥልና በማዳበሪያው በኩል ቦታዎን ሁሉ ይወርሰዋል። ከቆሻሻው ጋር ይሂድ።»

«ይህንንስ ማን ይነግረን ነበር?»

«መንገር የነበረብን እኛ የተማርነው ነን» አለች ስቬንያ።

ማታ ጎጆዋን በውሃ አጠቡ። የለበሱትንም ልብስ ቀየሩ።

ሰኞ ቦታውን አላስረከቡም። ትራውደ ወደ ሌላ ሐኪም ሄደች፤ ይህኛው ስለ አረሙ ሰምቶ ደሟን አስመረመረና ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። መድኃኒቷን ሰጥቶ፣ ደረቷ ሲረጋጋ ወደ አትክልቷ እንድትመለስ ፈቀደላት። በመስከረም መጨረሻ ጽጌረዳዋን ትገርዝ ነበር። አርኖም ለወፎቹ የአምብሮሲያ ዘር የተለየለትን ጥሬ ይገዛ ጀመር፤ ወፎቹ ምግብ አልተቋረጠባቸውም፣ ልማዱም አልቀረም። የወደቀው ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት እንደሚቆይ ስለተነገረው፣ በያመቱ በሰኔ ቡቃያውን ሳያብብ እየፈለገ ይነቅላል። በኅዳርም ከሐዲዱ አፋፍ በተለቀመ እውነተኛ ባይፉስ የተጠበሰው ዝይ ሽታው አጥር ተሻግሮ ስቬንያን ጠራት፤ ዝይ ሻጩም ታርቆ አብሮ በላ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። በቦታችን ሳንዘራው የበቀለውን ሁሉ ስጦታ ነው ብለን ከማሳደጋችን በፊት ጀርባውን ገልብጠን እንየው፤ የማናውቀውንም የሚያውቅ እንጠይቅ። መጠየቅ ማንንም አላሳነሰም፤ አርኖን አንድ ቀን አሳፈረው፣ ሚስቱን ግን አተረፈለት። እናንተም የተማራችሁ፣ እያያችሁ በአጥር ሥር ዝም ብላችሁ አትለፉ። ሰላምታችሁን ያልመለሰ ሰው ምክራችሁን አይሰማም ያላችሁ ማነው?

በተከታዩ ዓመት በነሐሴ፣ አርኖ ከአንዲት አዲስ ተከራይ አጥር ላይ ተደግፎ ቅጠል እየገለበጠ ሲያስተምር ብዙ ቆየ። ሴትዮዋ፣ «ኧረ አቶ ኩባሽ፣ ይሄ ሁሉ ጭንቅ ለአንድ አረም?» እያለች ትሳለቃለች። በዚህ መሐል ከሦስት አጥር ማዶ የትራውደ ድምፅ እንደ ደወል አስተጋባ።

«አንተ አርኖ! ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ኪያሩ ውሃ ጠማው፣ የጎጆው በር እንደተገነጠለ ነው፣ አንተ እዚያ ቆመህ የሰው አጥር ታጎብጣለህ፤ ማን ሰባኪ አድርጎ ሾመህ፣ ደመወዝስ ይከፍሉሃል ወይ፣ ከመጣህ ና፣ ካልመጣህ ደግሞ ድስቱን ይዤው ወደ ስቬንያ እሄዳለሁ!»

አርኖ ጣቱን አንሥቶ ሴትዮዋን ዝም አሰኛት፤ እስከ መጨረሻውም አዳመጠ።

«ሰማሽ?» አላት። «በአንድ ትንፋሽ ነው።»