የፍየሎቹ ድርሻ

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በአንድ ዓርብ ነው። አቶ ደሬሳ ፍኖተ መስቀል ጸልየው እንዳበቁ አዲስ ጓጉንቸር በኪሳቸው ከተው በሱማሌ ክልል ካለችው ከደምበል ከተማ ወጡ። ብርካቸውን ሊቆልፉ ነው። ብርካ የሚሉት አገሬው የጎርፍ ውሃ የሚያጠራቅምበትን የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው።

ዝናብ ደጋግሞ ቀርቶ፣ ከብት ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ከከተማው ዳር ሰፍረዋል። የመንግሥት ቦቴ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። አቶ ደሬሳ ከወለጋ መጥተው በሸቀጥ ንግድ የከበሩ ካቶሊክ ናቸው፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ ለሰፋሪዎቹ በጀሪካን ውሃ ሲመጸውቱ ሰንብተዋል።

መንገድ ላይ የሳይንስ መምህርቷ ፀጋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገኘቻቸው። እምነቷ እንደሳቸው ነው፤ ከሆሳዕና ተመድባ ከመጣች ቆይታለች።

“ጋሽ ደሬሳ፣ እንደምን ዋሉ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?”

“ተይኝ ልጄ። ያቺ ሰፋሪዋ ሱዓድ፣ ለነፍሴ ብዬ የሰጠኋትን ውሃ ዞር ብላ ለፍየሎቿ ገለበጠችላቸው! እኔ ለሰው እንጂ ለፍየል አልመጸወትኩም። ከዛሬ ወዲያ በቃኝ፤ ብርካውን ልቆልፍ መሄዴ ነው።”

“ለምን እንዳጠጣቻቸው ጠየቋት?”

“ምኑን እጠይቃለሁ? በዓይኔ በብረቱ አይቼ!”

አንባቢ ሆይ፣ አቶ ደሬሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። እሳቸው ሰጪ ናቸው፤ ሰጪ ሰው ደግሞ የሰጠው ነገር የት እንደገባ መከታተል ይወዳል።

“ጋሽ ደሬሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምፅዋት ካሉት ላይ ነው የተሳሳቱት” አለች ፀጋ። “ቤተ ክርስቲያናችን የምድር በረከት ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው ትላለች። ብርካው የርስዎ ነው፤ ውሃው ግን ከሰማይ የወረደ ነው። ሰው በሕይወት የሚቆይበት ውሃ መብቱ እንጂ ችሮታ አይደለም። ደግሞስ ሱዓድ ምን አጥፍታ ነው የተቀጣችው? ፋብሪካ የላት፣ መኪና የላት። አየሩን ያሞቁት ሌሎች ናቸው፤ ድርቁ ግን ቀድሞ የደረሰው እሷ ደጃፍ ነው።”

አቶ ደሬሳ ቆም አሉ። “ፋብሪካ እኔስ መቼ አለኝ? የፈረንጅ ጭስ ዕዳ በደሬሳ ብርካ ሊከፈል ነው?”

ፀጋ ሳቀች፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አልነበረም። “አይከፈልም። ባለዕዳዎቹ ይክፈሉ፤ እኛም ክፈሉ ብለን መጮህ አለብን። ግን እኛ እዚህ ቆልፈን እነሱን ክፈቱ ብንል ማን ይሰማናል?”

“ቢያልቅስ? የኔም ልጆች ይጠጣሉ’ኮ።”

“ለዚህ ነው ተራ የሚያስፈልገው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የውሃ ተራ ማስያዝ ያውቁበታል፤ ቀድሞ ሰው፣ ቀጥሎ የሚታለቡ ፍየሎች። ፍየሉ ካለቀ ሰዉ ምን ያደርጋል? ዛፍ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ዛፉ ሲያልቅ ጎርፉ አፈር ይዞ ይመጣና የርስዎን ብርካ በደለል ይሞላዋል።”

እየተነጋገሩ አብረው ከብርካው ሲደርሱ ሱዓድ ሁለት ፍየሎቿን አስከትላ፣ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አቶ ደሬሳ ሱማልኛ እንደ ውሃ ነው የሚያውቁት፤ ሆኖም እስከዚያ ቀን ከ“እንኪ” ሌላ ተናግረዋት አያውቁም።

“ውሃውን ለምን ለፍየሎቹ ትሰጫለሽ? አንቺ አትጠሚም?” አሏት።

ሱዓድ ጥያቄው ገረማት። “እጠማለሁ እንጂ። ልጄ ወልዳ ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑ የሚኖረው በእነዚህ ወተት ነው። እነሱ ካልጠጡ እሱ ምን ሊጠጣ ነው?”

አቶ ደሬሳ አፈሩ፤ በጣም አፈሩ። አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ኖሮ የሚያውቁትን ነገር ሳይጠይቁ፣ በሕፃን ጉሮሮ ላይ ሊቆልፉ ነበር የመጡት። የብርካውን ክዳን አነሡና ከጎኑ ያለውን የከብት ማጠጫ ገንዳ ሞሉት። ፍየሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲጠጡ ሱዓድም በእፍኟ ጠጣች።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተራ አወጡ። ወንዶቹ ወደ ብርካው የሚገባውን ቦይ ከደለል ጠረጉት። ዝናቡ ሲመጣ ብርካው ከቀድሞው የበለጠ ውሃ ያዘ። ከሰል ከማክሰል የተመለሱ አባወራዎችም ነበሩ። ሕፃኑም ወዝ አወጣ።

ዝናቡ ሳይመጣ ገና፣ አንድ ማለዳ ሱዓድ አቶ ደሬሳን ከሱቃቸው ደጅ ጠራቻቸው። ሊመሰገኑ መስሏቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

“ገንዳው ከፍ ይላል” አለቻቸው። “ግልገሎቹ አይደርሱም።”

ይቺ ሰው! ዱሮ ቢሆን ውለታ ቢስ ብለው በሰደቧት። ተናደው ለፀጋ ሊነግሯት ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ቆሙ። የተመጸወተ አያማርርም፤ ሰው የሚያማርረው የራሱ በሆነ ነገር ነው። ጋቢያቸውን አውልቀው አስቀመጡና ለግልገሎቹ መወጣጫ የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ ሄዱ።