ያልተመዘገቡት ሰዓቶች

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፤ ከሩቅም ከቅርብም የደረሳችሁ ወዳጆች፤ የሥራ ልብሳችሁን እንኳ ሳትቀይሩ ከፋብሪካው በቀጥታ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ ከሁሉም በላይ አንተ ባለቤቷና አንቺ ልጇ፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ስለ ደከማችሁልን ክብረት ይስጥልን። ጥቂት ታገሡኝ። ንግግር ማርዘም አልወድም። ዛሬ ግን ሳልናገረው ከዚህ የማልሄድ ነገር አለኝ።

እኔ ስክሪን በሚሠራው ፋብሪካችን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኜ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ይህች በፊታችን የተኛች እህታችን የመለኪያ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። በዕድሜ ታናሼ ስለነበረች «እሷ» እላታለሁ። በግብር ግን ታላቄ ነበረች።

ከእናንተ መካከል ስሟን በክፉ የሰማ አለ። አውቃለሁ። «ማመሳከሪያውን ያበላሸችው ሴትዮ» ሲባል የሰማ አለ። ልጇም ሰምታዋለች። ይህ ስም አብሯት አይቀበርም። አፈሩ ከመመለሱ በፊት መስተካከል አለበት። ስለዚህ ስሙኝ።

ሥራዋ ምን ነበር? እኛ የምንሠራው ስክሪን ከኋላው አምፖል የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች። የሚያበራው ከፀጉር የቀጠነ ቅብ ነው። ውበቱ እዚያ ላይ ነው፤ ድካሙም እዚያው ነው። ባበራ ቁጥር ያረጃልና። ቀዩ ይቆያል፤ አረንጓዴው ይቆያል፤ ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል። ሰማያዊው ሲደክም ነጩ እንደ ቆየ ጋዜጣ ቢጫ ይላል። «ታዲያ ኤሌክትሪኩን ጨምሩለታ!» የሚል ይኖር ይሆናል። ይጨመርለታል። በተጨመረለት ቁጥር ግን ይበልጥ ያረጃል። የእህታችን የዕድሜ ልክ ሥራ ይህ ነበር፤ የሚያረጀውን ነገር ሳይዋሹለት፣ ሳያስጨንቁትም፣ ብርሃኑን እንዳለ ማቆየት።

እንዴት ይለካል ብትሉ፣ በመለኪያ ክፍሉ ጥግ አንድ ስክሪን ነበረ። ማመሳከሪያ እንለዋለን። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን የተሠራ ነው። ሌሎቹ ለሙከራ ያለ ዕረፍት ሲበሩ እሱ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። በወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ይበራና ያረጁት ከእሱ ጋር ይመዘናሉ። ከዚያ ይሸፈናል። ያበራው ሰው ስሙንና ሰዓቱን በመዝገብ ይጽፋል። ሕጉ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሕግ ስንት ተሳቀባት! በምግብ አዳራሹ «እትዬ ሸፍኑት» ነበር ስሟ። አንድ ቀን ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ አነሳ።

«እትዬ፣ ሙሽራዋን አያሳዩንም እንዴ?» አላት።

«ሙሽራ አይደለችም ጌታዬ፤ ምስክር ናት። ምስክር እንዲህ በየሰዉ ፊት አትውልም። ይሸፍኑልኝ።»

ሳቀ። ሳቀና ሸፈነ። ከዋና ሥራ አስኪያጅ ፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ከእናንተ ስንቱ ነው?

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለሆስፒታሎች ስክሪን እንሠራ ነበር። በበሽተኛው ራስጌ የሚቆመውን ማለቴ ነው። ሁለት መቶ አርባው በየሆስፒታሉ ከገባ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሌላ ሦስት መቶ ሊጫን ተዘጋጅቶ ነበር። ቁጥሮቹ ግሩም ነበሩ። ዓመት ሙሉ የሠራው ስክሪን ከማመሳከሪያው ጋር ሲመዘን ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አጨበጨብን። በጭብጨባው መሃል አንዲት ደብዳቤ ደረሰች። የጻፈችው የአንድ ሆስፒታል ነርስ ናት። «ሰማያዊዋ መስመር ደብዝዛብኛለች» ትላለች።

በስብሰባው ላይ አንድ ሰው «ነርሷ ዓይኗን ትመርመር!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እህታችን አልሳቀችም። በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። እኔም ስትሳሳት ላያት አብሬ ሄድኩ።

አሥር አልጋ ያለበት ክፍል ነው። ወለሉ ገና ተወልውሎ አልደረቀም።

«ሲስተር፣ የጻፉልን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጉድ ነው! ደብዳቤዬን ያነበበ ሰው አለ ማለት ነው?»

«ያሳዩኝ።»

«ኑ፣ እዚህ ቁሙ። እኔ ከምቆምበት ቁሙ እንጂ! እዚያ አፍንጫው ሥር ሆናችሁማ ሁሉም ያምራል። ይቺ ሰማያዊ መስመር የአባባ ትንፋሽ ናት። አምና ከበሩ ሆኜ አያት ነበር። ዘንድሮ አልጋው ድረስ ሄጄ አንገቴን ካላጣመምኩ የለችም። አሥር አልጋ ነው ያለኝ። በአንዱ ላይ አንገቴን ሳጣምም ሌላው ቢታፈንብኝስ?»

በአልጋው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እኔ ትንፋሼን አላቋረጥኩም፤ የደከመው ስክሪናችሁ ነው» አሉ።

እህታችን ነርሷ ከምትቆምበት ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ልዩነት የለም ይላል። ሴትዮዋ ደግሞ አልዋሸችም። እንግዲህ ሌላ የሚዋሽ አለ» አለችኝ።

ፋብሪካው እንደደረስን ከመጋዘን አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አስመጣች። ከማመሳከሪያው ጋር በአንድ ቀን የተሠራ፣ አንድም ጊዜ በርቶ የማያውቅ ስክሪን አወጣች። ከማመሳከሪያው ጎን አቆመችው። ጨርቁን ገለጠች። ሁለቱንም አበራች።

ማመሳከሪያው ቢጫ ነበር። ያረጀውን ካረጀ ጋር ስንመዝን ከርመናል። ሁለቱ እኩል ስለደከሙ «ብርሃኑ አልተነካም» ብለን ጽፈናል።

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስት መቶዎቹን የሚወስደው መኪና ተጭኗል።

«እትዬ፣ ገመዱ ታስሯል እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«ፍታው።»

«ማን አዘዘ ልበል?»

«እትዬ ሸፍኑት በል!»

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሳቀ። ቅጽል ስሟን እንደምታውቅ ያወቅነው ያኔ ነው። ገመዱ ተፈታ። ሁለት መቶ አርባዎቹም ከየሆስፒታሉ እየተለቀሙ ተመለሱ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ስክሪን የበራበትን ሰዓት በሆዱ ይቆጥራል። መዝገቡ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ይላል። ስክሪኑ ስድስት መቶ አሥራ አራት ይላል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። «ይህን ማን ነው ያበራው?»

ዝም አልን።

«ክፍሉ የእኔ ነው» አለች እህታችን። «ቁልፉ በእጄ ነው። ላልተመዘገቡት ሰዓቶች ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።» ብላም አልቀረች፤ በመዝገቡ ላይ በእጇ ጻፈችው። በሳምንቱ ከኃላፊነቷ ተነሥታ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ ተመላሽ ዕቃ መጠገኛ ክፍል ተላከች። ያ ክፉ ስም የወጣላት ያኔ ነው።

ቁልፉ ግን ሁለት ነበር። ሁለተኛው በማን እጅ ነበር?

በእኔ እጅ ነበር።

አዎ። ስለ ቀጥተኛነት ለወጣት ለሽማግሌው የማስተምረው እኔ። ከስክሪኖቹ ሁሉ የሚያምረው ያ የተሸፈነው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክፍሉን ከፍቼ ጨርቁን እገልጥና ብርሃኑን ከልኩ በላይ ከፍ አድርጌ አበራው ነበር፤ እንዲህ የበራ አንድ ሰዓት የአሥር ሰዓት ያህል ያስረጃል። «ይኸው የእኛ ሥራ!» እላለሁ። እንግዶቹ ይደነቃሉ። እንደበራ ትቼው ምሳ እጋብዛቸዋለሁ፤ ተመልሰን እንደገና እናየዋለን። በመዝገቡ ላይ አንድም ቀን አልጻፍኩም። ኩራቴን እያበራሁ የፋብሪካውን ምስክር አስረጀሁ። ስትጠየቅ ደግሞ ዝም አልኩ።

አንድ ጊዜ ወደ መጠገኛው ክፍል ወርጄ ነበር። ጠመንጃ መፍቻ ይዛ አቀርቅራለች። «ልናገር ነው» አልኳት።

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል ጋሼ? እኔማ ያን ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳበራ ገብቶኛል። ጨርቁን ስፌቱን ወደ ውጭ አድርገው ነበር የሚያለብሱት።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወጥቼ ሄድኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

እሷስ በዚያ ክፍል ምን ሠራች? አኮረፈች? አለቀሰች? ከተመለሱት ስክሪኖች መካከል ተቀምጣ ሦስት ዓመት ነጥብ በነጥብ መረመረቻቸው። አንዲት ነጥብ ስታረጅ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይከብዳታል። ያ ክብደት ይለካል። እህታችን እሱን ለካች። ከዚያ በኋላ ማመሳከሪያ አላስፈለገም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ስለ ዕድሜዋ ራሷ ትመሰክራለች። ይህ አንዱ ነው። ስክሪኑን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ እንዳናበራው፣ ለእርጅናው የሚሆነው ጉልበት እንዲተርፈው አደረገች። ይህም ሌላው ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሦስተኛው ነው። ከመጠን በላይ የደከመች ነጥብ ስትገኝ አያስጨንቋትም። ብርቱዎቹ በዙሪያዋ ቀስ እያሉ ዝቅ ይሉላታል፤ የሚያየው ዓይን ድካሟን ሳያውቅ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ከመጽሐፍ አገኘችው? አይመስለኝም። ኑሮዋ ነበር።

ያቺ ነርስ ጡረታ ወጥታለች። ያውላችሁ፣ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ሰማያዊዋን መስመር ዛሬም ከበሩ ሆነው ያዩዋታል፤ ሰባት ዓመት በበራ ስክሪን ላይ። ፋብሪካው እህታችንን ወደ ላይ ወደ ክፍሏ መልሷታል። ስሟን ግን የመለሰላት የለም።

አንቺ ልጄ፣ አሁን ለአንቺ ነው የምናገረው። አምና በእኛ ፋብሪካ ሥራ ስትጀምሪ፣ በምግብ አዳራሹ አንዱ «እንደ እናትሽ መብራት ማጥፋት እንዳትረሺ» አለሽ። ፊትሽ ቀላ፤ ሳህንሽን ትተሽ ወጣሽ። ከኋላሽ ባለው ጠረጴዛ ላይ እኔ ተቀምጬ ነበር። ምሳዬን ጨርሼ ተነሣሁ። ይቅር በይኝ ብዬ በሕዝብ ፊት አላስጨንቅሽም፤ ያ የአንቺ ፈንታ ነው፤ ዛሬም ባይሆን፣ ጭራሽም ባይሆን። የእኔ ፈንታ እውነቱን መናገር ነው። እናትሽ ምንም አላበላሸችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ዋና ሥራ አስኪያጁን ይዤ መለኪያ ክፍሉ ገባሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። ከእሷ ጽሑፍ በታች «ያልተመዘገቡትን አምስት መቶ ሰማንያ ሁለት ሰዓቶች ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እሱም በምስክርነት ፈረመ። ነገ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው በበሩ ላይ ይለጠፋል። ከቁልፉም ጋር ሥራዬን አስረክቤያለሁ።

እህቴ ሆይ፣ ዘግይቻለሁ። ለጆሮሽ አልደረስኩም፤ ለስምሽ ግን ደርሻለሁ። የምታርፊበት አፈር አይክበድሽ። ያ ማመሳከሪያ ከነጥቁር ጨርቁ ዛሬም እዚያው አለ። ከክፍሉ ስወጣ አለበስኩት፤ በሩ ላይ ደርሼም ተመልሼ አየሁት።

ስፌቱ ወደ ውስጥ ነው። ደህና ሁኚ።