እናቱ ኦፕራሲዮን የምትገባበት ቀን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ፣ የሥራ ማመልከቻ ለማስገባት ቸኩዬ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ፈረንጅ ልጆች፣ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች፣ ከአንዲት እናት ጎን ተጣበው ተቀምጠዋል። አንደኛው አማርኛ ይሞክራል።

«እናትህ አለች ልጄ?» አሉት እማማ።

«አለች እማማ። ዛሬ ኦፕራሲዮን ትገባለች።»

«ውይ በሞትኩት! ደወልክላት?»

«አልደወልኩም። ለቤተሰብ የምንደውለው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው።»

«ማነው የከለከለህ?»

«ሕጋችን ነው። አለቃችን ከፈቀደ ግን ይቻላል።»

«እሱ እንቢ አለህ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ! እንካ ስልክ፣ አሁኑኑ ጠይቀው!»

ጓደኛውም «ጠይቀው እንጂ» አለው።

«ተዉኝ እማማ።»

«አልተውህም! ብትሞትስ?»

«ድምጿን ከሰማሁ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ። ገና ስምንት ወር ነው የቆየሁት። ሁለት ዓመት ሳልጨርስ ላልመለስ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለእሷ።»

እማማ ስልካቸውን መልሰው ያዙ።

«የአለቃህን ቁጥር ንገረኝ፣ እኔ እለምነዋለሁ።»

«ዜሮ ዘጠኝ…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«እሺ፣ ቀጥል!»

ማመልከቻዬን የማስገባበት ቢሮ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁት፣ ቀሪውን ቁጥር እየጠበቅኩ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።