ለእሬቱ የፈሰሰ ውሃ

ቅዳሜ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። የሚካኤል ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ቁልቁል ሲበተን ውዴ ብቻ ገንቦዋን አዝላ ሽቅብ ትመጣ ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ፣ የሦስት ዓመት ልጇ የማሬ አርባ ከወጣ ወዲህ፣ ወደ መቃብሩ ውሃ ሳትወስድ የዋለችበት ቀን የለም። ዶፍ በሚወርድበት ቀን እንኳ ገሳ ደርባ ታጠጣ ነበር። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አዘኑላት፤ ኋላ ግን «ውዴ ሰማዩን ልታግዘው ነው» እያሉ በጎን ይሳሳቁ ጀመር።

የምታጠጣው በመቃብሩ ራስጌ የተከለችውን እሬት ነው። በእነሱ አገር፣ በእስቴ ገጠር፣ የመቃብር እሬት ከለመለመ የሟች ነፍስ ዕረፍት አገኘች፤ ከጠፋ ግን ተጠምታለች ይላሉ ሴቶቹ። የማሬ እሬት ቢጫ ሆኖ ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ውዴ ይህን ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። አንድ ገንቦ የነበረውን ሁለት አደረገችው።

በዚያን ቀን የጎረቤቷ ልጅ በላይነህ በመቃብሩ አጠገብ ሲያልፍ አገኛት። መካነ ኢየሱስ ከተማ በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት፣ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ለበዓሉ ወላጆቹን ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ፤ እግዜር ያጽናዎት አላት። ከዚያ ዓይኑ እሬቱ ላይ ዐረፈ።

«እትዬ ውዴ፣ ይህን በየቀኑ ያጠጡታል?»

«ጠዋትና ማታ።»

«እሱ እኮ ነው የገደለው።»

ውዴ ገንቦዋን አስቀመጠች። «እንዲያ ነው? መርፌ የሚወጋ ሐኪም እሬትም ታክማለህ?»

በላይነህ ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለና ቅጠሉን ሳብ ቢያደርገው ከነግንዱ ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል። እሬት በገደል፣ በድንጋይ ላይ፣ ማንም ሳያጠጣው እንደሚኖር፣ ቅጠሉም ስልቻው እንደሆነ፣ የክረምቱን ውሃ ቋጥሮ ለበጋ እንደሚያስቀምጥ ነገራት። ቅጠሉ ደንዳና ሆኖ ሳለ መጨመር በጠገበ ሰው አፍ ጉርሻ እንደ መጠቅጠቅ ነው። ሲጠማው ራሱ ይናገራል፤ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይጨማደዳል። ያን ጊዜም ጣትን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰዶ ማየት ነው፤ ከታች ርጥበት ካለ ይቆያል፣ ከደረቀ ብቻ ይጠጣል።

ውዴ አልተዋጠላትም። ያጠጡት ነገር እንዴት ይሞታል? ገብሱም ባቄላውም በውሃ አይደለም የሚኖረው?

«ሁሉም በልኩና በጊዜው ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ልጄ ውሃ እንዳማራት ነው የሞተችው። አሁን ልከልክላት?»

በላይነህ ቀስ ብሎ ስለ ሕመሙ ጠየቃት። በሰኔ ተቅማጥ ይዟት እንደነበር፣ ሦስት ቀን ውሃ ውሃ ስትል እንደከረመች፣ ውዴም የውሃውን ቅል ከማትደርስበት ሰቅላ ከንፈሯን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ እንዳበሰችላት ተረከችለት። ላስቀመጠው ልጅ ውሃ ሲሰጡት ይብስበታል፤ እናቷም እንዲህ ነው ያስተማረቻት።

«ስታለቅስ እንባ ነበራት?»

«አልነበራትም። ልጄ ቻይ ናት ብዬ ለሰው አወራሁ።»

ወጣቱ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አዞረ። ውዴ ግን ሞኝ አልነበረችም። ሰው ፊቱን የሚያዞረው መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

«ንገረኝ። ብሰጣት ትድን ነበር?»

«ሁሉም አይድንም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ብዙዎቹ ይድናሉ» አለ። «እሬት ስልቻ አለው፣ እትዬ። ልጅ ግን ስልቻ የላትም። በተቅማጥ የወጣውን ካልተኩላት ትነጥፋለች። እንባዋ መድረቁ፣ ዓይኗ መጎድጎዱ፣ ቆዳዋ ሲቆነጥጡት እንደ ተጨማደደ መቅረቱ፣ ያ ሁሉ አጠጡኝ ማለቷ ነበር። ውሃ አፍልቶ፣ አብርዶ፣ በማንኪያ በማንኪያ መስጠት ነው። ብታስመልሰውም እንደገና። ጡትም አይከለከልም።»

ውዴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከማሬ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ሁለቱንም በተቅማጥ፣ ሁለቱንም ቅሉን ሰቅላ። ይህን ለራሷ ቆጠረች እንጂ ለእሱ አልነገረችውም። የእናቷን ትምህርት ስትጠብቅ ኖራ ትምህርቱ እሷን ሳይጠብቃት ቀረ። አላለቀሰችም። ቀና ስትል ዓይኗ የቁጣ ነበር።

«ባለፈው ፋሲካ መጥተህ አልነበር?»

«መጥቼ ነበር።»

«ሳምንት ሙሉ በየቤቱ ስትጋበዝ ከረምህ። እኔም ቤት በልተሃል፤ ማሬን አቅፈሃታል። ይህን ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ባላውቅ ከለከልኋት። አንተስ?»

ብዙ የተማሩ ልጆቻችን ዕውቀታቸውን በሣጥን ቆልፈው ሲጠየቁ ብቻ ይከፍቱታል፤ ያልተማረ ደግሞ የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ባላገሩ ልማዱን አልለቅ አለ ብለን እንወቅሰዋለን። መጥቶ የነገረው ማን ነው?

ውዴ ገንቦዋን አንሥታ ውሃውን መንገዱ ላይ ደፋችው። በላይነህም ከበሰበሰው ግንድ ደኅናውን ቡቃያ በቢላዋ ቆርጦ ሰጣት፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር እንድታቆየው፣ ከዚያም ጠጠር በበዛበት አፈር እንድትተክለው ነገራት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ነገ እሑድ ነው» አለች። «ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ እዚህ ትነግራቸዋለህ። ካፈርህ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«መንገዴ ዛሬ ነበር።»

«ትቀራለህ።»

ቀረ። በማግሥቱ በዚያው በመቃብሩ አጠገብ እሱ ስለ ውሃው ነገራቸው። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ አንዲቱ አሮጊት የከተማ ወሬ ነው ብላ ተነሣች። ያን ጊዜ ውዴ የሦስቱን ልጆቿን ስም በየተራ ጠርታ ለእያንዳንዱ ያደረገችውን ተናገረች። ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ አልነበረም። በየቤቱ የፈላ ውሃ ለሕፃን ማስቀመጥ የተጀመረው ከዚያ እሑድ ወዲህ ነው። የታመመ ልጅ ዓይኑና ምላሱ ይታይ ጀመር። ውዴም የሰው ልጅ ታመመ ሲሏት ማንኪያ ይዛ የምትሄድ ሆነች።

በተከታዩ ክረምት በሰፈሩ ተቅማጥ ገባ። ዘጠኝ ልጆች ታመሙ፤ ስምንቱ ዳኑ። ዘጠነኛው የጎረቤቷ የብርነሽ ልጅ ነበር፤ አማቷ እንደ ድሮው ልማድ ቅሉን ደብቀውባት በሁለተኛው ቀን ሞተ።